ስለ ወላጅ የመርሳት ሕመም መጻፍ፦ አስታማሚ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው የመርሳት ሕመም ያለባቸውን እናት ወይም አባት እያስታመሙ የሚያዩትን ለመጻፍ ለሚያስቡ፣ እንዲሁም መጻፍ ጀምረው ምኑን ጽፈው ምኑን እንደሚተዉ ለተቸገሩ ልጆች ነው። መልሶቹ አባቴን ባስታመምኩባቸው ዓመታት ከያዝኩት ማስታወሻና ከሌሎች አስታማሚዎች ጋር ካደረግኩት ውይይት የተገኙ ናቸው። ሁሉም የሚነሡት ከአንድ እምነት ነው፤ ይኸውም የታየውንና የተሰማውን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ መመዝገብ፣ ስለ ወላጅ የሚጻፈውንም ወላጅ ራሳቸው እንደሚያነቡት አድርጎ መጻፍ ይገባል የሚል ነው።

ማስታመሙ ራሱ ፋታ የማይሰጥ ሆኖ ሳለ መጻፍ ለምን ያስፈልጋል?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ የመርሳት ሕመም ያለበትን ሰው የሚንከባከቡ ቤተሰቦችና ወዳጆች በእንክብካቤና በጥበቃ ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ በአማካይ በቀን 5 ሰዓት ነው። በዚህ ላይ ሌላ ሥራ መጨመር ከባድ መስሎ ቢታይ አያስገርምም። ይሁን እንጂ ሐኪሙ በቀጠሮ ቀን ወላጃችሁን የሚያያቸው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ብዙ ሕሙማን ራሳቸውን ሰብስበው፣ በጨዋ ደንብ ሰላምታ ሰጥተው፣ ለሚጠየቁት ሁሉ «ደህና ነኝ» ብለው ይመልሳሉ፤ ሌሊቱን በሙሉ ሲያባብል ያደረው ልጅ ያየውን ሲናገር ያጋነነ ይመስላል። ቀን በቀን የተያዘ ማስታወሻ ይህን ክፍተት ይሞላል።

ሌላው ምክንያት የአስታማሚው የራሱ ትዝታ ነው። ሕመሙ ቀስ በቀስ የሚገፋ ስለሆነና ድካም ቀናቱን ስለሚያደባልቅ፣ ወላጅ ራሳቸው ሻይ አፍልተው መጠጣት ያቆሙት መቼ እንደሆነ ከጊዜ በኋላ ቢጠየቅ የቤቱ ሰው ሁሉ የተለያየ መልስ ይሰጣል።

ለሐኪም የሚጠቅም ማስታወሻ ምን ምን ይይዛል?

«ዛሬ በጣም አስቸገሩ» የሚለው ዓረፍተ ነገር የጻፈውን ሰው ድካም እንጂ የሕመምተኛውን ሁኔታ አይገልጽም። ጠቃሚ ማስታወሻ ሦስት ነገሮችን ያስቀምጣል፦ ከድርጊቱ በፊት ምን ነበረ፣ ድርጊቱ ራሱ ምን ነበር፣ ከዚያስ ምን ተከተለ። ከራሴ ደብተር አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። «አመሻሽ ላይ፣ መብራት ሳይበራ፣ አባቴ ኮታቸውን ደርበው በሩ አጠገብ ቆሙ። ‹እናቴ ትጠብቀኛለች፣ ወደ ቤቴ ልሂድ› አሉ። ቀን አልተኙም፤ ምሳም በቅጡ አልበሉም። ‹ቤትዎ እኮ ይኸው ነው› ስላቸው ድምፃቸው ከፍ አለ። ስለ እናታቸው እንዲያጫውቱኝ ስጠይቃቸው ግን ኮታቸውን ሳያወልቁ ቁጭ አሉ።» ከዚህ አጭር ጽሑፍ ሐኪሙ ብዙ ያገኛል፦ መረበሹ የሚብሰው ሲመሽ እንደሆነ፣ ድካምና ረሃብ እንደቀደመው፣ ማረም እንዳባባሰው፣ ወሬ መቀየር ደግሞ እንዳበረደው። ተመሳሳይ ምዝገባዎች ሲደጋገሙ ለአስታማሚውም መላ ይሰጣሉ፤ እኛ ቤት መብራት ቀደም ብሎ መበራት የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው።

በተለይ ቀንና ሰዓት መጻፍ የግድ የሚሆንበት አንድ ሁኔታ አለ። የመርሳት ሕመም በወራትና በዓመታት የሚገፋ ነው። ስለዚህ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ የመጣ መደናገር፣ ያልተለመደ መፍዘዝ ወይም መቅበዝበዝ ከታየ «ሕመሙ ጠናባቸው» ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው። ከጀርባው የሽንት ቧንቧ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የፈሳሽ እጥረት፣ የሆድ ድርቀት ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊኖር ይችላል፤ ብዙውን ጊዜም ሊታከም የሚችል ነው። «እስከ ሐሙስ ድረስ እንዲህ አልነበሩም» ብሎ ከማስታወሻ ላይ ማሳየት መቻል ምርመራውን ያፋጥናል።

የሕመሙን ዓይነት ለመለየትም ማስታወሻው ይረዳል። ሌሎች የማያዩአቸውን ሰዎች ወይም እንስሳት አጥርቶ ማየት፣ ንቃት በአንድ ቀን ውስጥ ከፍ ዝቅ ማለቱ፣ የእንቅስቃሴ መዘግየት፣ በእንቅልፍ ላይ ሳሉ ሕልምን እየተከተሉ መወራጨት የሌዊ ቦዲ ዲሜንሺያ የሚባለው የመርሳት ሕመም ዓይነት ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ይህ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች አንዳንድ የሥነ አእምሮ መድኃኒቶች ክፉኛ ሊጎዷቸው ይችላሉ። ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ በሚባለው ሌላ ዓይነት ደግሞ መጀመሪያ የሚለወጠው ብዙ ጊዜ ትዝታ ሳይሆን ጠባይ ወይም ንግግር ስለሆነ፣ ቤተሰቡ ሕመም መሆኑን ሳይጠረጥር ለዓመታት ሊቀያየም ይችላል።

የቤት ማስታወሻና ለሌሎች የሚቀርብ ጽሑፍ ይለያያሉ?

አዎ፣ ሊለያዩም ይገባል። ማስታወሻው ሁሉንም ይይዛል፤ አንባቢዎቹም እናንተ፣ ሐኪሙና የማስታመሙን ሥራ የሚጋሩ ሰዎች ናችሁ። ለሌሎች የሚቀርበው ጽሑፍ ከዚያ ተመርጦ የሚወጣ ነው። ሁለቱን በአንድ ደብተር ላይ አትቀላቅሉ። በምሽት ብስጭት የተጻፈ ገጽ በማግስቱ ጠዋት ተስተካክሎ የአደባባይ ጽሑፍ ሲሆን ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ ምሽቱ ግን ከውስጡ አይወጣም።

ወላጄ ፈቃድ ለመስጠት በማይችሉበት ሁኔታ ስለ እርሳቸው የመጻፍ መብት አለኝ ወይ?

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። በመጀመሪያ፣ የምርመራ ውጤት መሰማቱ ብቻ ሰውን ከውሳኔ ውጭ አያደርገውም። የመወሰን ችሎታ የሚለካው በእያንዳንዱ ጉዳይ ነው፤ ስለ ቤት ሽያጭ መወሰን ያቃታቸው አባት ስለ ልጅነታቸው ታሪክ መጻፍ አለመጻፍ ግልጽ ሐሳብ ሊኖራቸው ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው ሕመሙ ገና ሳይጠና፣ ወላጅ ነቃ በሚሉበት ሰዓት፣ በአጭርና በቀላል ቃል ይቅረብላቸው። «ስለዚህ ሕመም መጻፍ እፈልጋለሁ፤ እርስዎንም አነሣለሁ። ምን ይላሉ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። በሌላ ቀን ደግሞ እንደገና መጠየቅ ይገባል። መልሱ በተለያዩ ቀናት አንድ ዓይነት ከሆነ ከቀኑ ጋር መዝግቡት። ከተቻለ ወላጅ ራሳቸው ቃላቸውን እንዲሰጡና እናንተ እንድትጽፉላቸው ጋብዟቸው፤ ሕመሙ ከውስጥ ምን እንደሚመስል ከእርሳቸው የተሻለ የሚናገር የለም።

ጊዜው ካለፈ ሙሉ ፈቃድ ማግኘት አይቻልም፤ አለመውደድን ግን ማየት ይቻላል። ጽሑፉ ሲነበብላቸው ፊታቸውን ካዞሩ፣ ስልክ ሲደቀንባቸው በእጃቸው ከከለሉ፣ ያ መልስ ነው። የግል ሕይወት መከበርን በ2006 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ22ኛው አንቀጹ ያረጋግጣል፤ ሕመም ይህን መብት አይሽርም።

ይህ ሁሉ ማለት ግን ዝም ማለት ግዴታ ነው ማለት አይደለም። የማስታመሙ ታሪክ የእናንተም ነው። የደከመው ጉልበት፣ የተቋረጠው ሥራ፣ የተለወጠው የልጅነት ቦታ የእናንተ ነው፤ እርሱን ለመጻፍ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። እኔ የምመክረው ጽሑፉ በዚህ ላይ እንዲቆም፣ ወላጅ የሚገቡበትም የእናንተን ታሪክ ለመረዳት በሚያስፈልገው መጠን ብቻ እንዲሆን ነው። ስትጠራጠሩ፣ ወላጃችሁ ጤነኛ በነበሩ ጊዜ ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብላችሁ ይህንኑ ገጽ ታነቡላቸው እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ።

የትኞቹን ነገሮች መተው ይሻላል?

ገላን፣ ሽንት ቤትንና ልብስ መቀየርን የሚመለከቱ ዝርዝሮች ለሌሎች በሚቀርበው ጽሑፍ ውስጥ ባይገቡ እመርጣለሁ። «አባቴን ገላቸውን የማጠብ ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር የነገሩን ክብደት ሙሉ በሙሉ ያደርሳል፤ አንባቢ የቀረውን አያጣውም። የባንክ ሒሳብ፣ የንብረትና የውርስ ጉዳይ፣ የሚኖሩበት ሰፈር፣ ብቻቸውን የሚሆኑበት ሰዓት ፈጽሞ አይጻፍ፤ የመርሳት ሕመም ያለባቸው አረጋውያን ለአጭበርባሪዎች የተጋለጡ ናቸውና። ፎቶግራፍም እንደዚሁ ነው። እርሳቸው ጤነኛ ቢሆኑ ሳይታጠቡና ሳይለብሱ ሰው ፊት የማይቀርቡ ከሆኑ፣ እንደዚያ ሆነው የተነሡት ፎቶ መታየት የለበትም።

የሚናገሩትን እንዴት ልመዝግብ?

ቃል በቃል፣ ከነጥያቄው መመዝገብ ይገባል። ለዚህ ከሁሉ የላቀ ምሳሌ የሆነው ከመርሳት ሕመሞች ዋነኛው የሆነው የአልዛይመር ሕመም ስሙን ያገኘበት የመጀመሪያው መዝገብ ነው። በ1901 እ.ኤ.አ. መገባደጃ በጀርመን ፍራንክፈርት ከተማ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ አሎይስ አልዛይመር የ51 ዓመቷን አውጉስተ ዴተርን እየጠየቀ መልሷን ሲጽፍ ነበር። ስሟን ሲጠይቃት «አውጉስተ» አለች። የቤተሰብ ስሟን ሲጠይቃትም «አውጉስተ» አለች። የባለቤቷን ስም ሲጠይቃት እንደገና «አውጉስተ ይመስለኛል» ብላ መለሰች። እርሷ በ1906 ስታርፍ አልዛይመር አንጎሏን መርምሮ ያገኘውን በዚያው ዓመት ለሙያ ባልደረቦቹ አቀረበ፤ በ1910 ደግሞ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ኤሚል ክሬፔሊን ሕመሙን በአልዛይመር ስም ጠራው። ጠፍቶ የነበረው የሕክምና መዝገቧ በ1995 እዚያው ፍራንክፈርት ውስጥ ሲገኝ፣ «ራሴን አጥቻለሁ» ማለቷ ጭምር ሰፍሮ ነበር።

አልዛይመር «ሕመምተኛዋ ግራ ተጋብታለች» ብሎ ቢያልፍ ኖሮ ዛሬ ድምፅዋን አንሰማውም ነበር። እናንተም የወላጃችሁን ንግግር ስትጽፉ ሰዋስዉን አታቃኑ፣ ያልጨረሱትን ዓረፍተ ነገር አትጨርሱላቸው፣ ከእነርሱ ንግግር በፊት ማን ምን እንዳላቸውም አትተዉ። በተቻለ መጠን ንግግሩ በተነገረበት ሰዓት ጻፉት፤ ከሰዓታት በኋላ የሚታወሰው ትርጉሙ እንጂ ቃሉ አይደለም። የአንባቢን እንባ ለማምጣት መንተባተቡን ማብዛት ግን ሌላ ዓይነት ማዛባት ነው። ቀልዳቸውን፣ ቁጣቸውን፣ ለሌላ ሰው ማዘናቸውንም ጻፉ፤ ሰው በሕመሙ ውስጥ ሆኖም ይቀልዳል፣ ይመርቃል።

ሰርቀሃል ወይም ሰርቀሻል ብለው ሲከሱኝስ?

እንዲህ ያለ ክስ በጣም የተለመደ ነው። ወላጅ ቦርሳቸውን ለጥንቃቄ ብለው ከትራስ ሥር ያስቀምጣሉ፤ ማስቀመጣቸውን ይረሱታል፤ የቀረው እውነት «ቦርሳዬ የለም» የሚለው ብቻ ስለሆነ አእምሮ ቀዳዳውን በአቅራቢያ ባለ ሰው ይሞላዋል። በአቅራቢያ ያለው ደግሞ አስታማሚው ነው። ይህን ስትጽፉ ንጽሕናችሁን ለማስመስከር አትድከሙ፤ ክሱን እንደተነገረ፣ ቦርሳው የተገኘበትንም ቦታ እንደነበረ አስቀምጡ። በተከሰሳችሁበት ሰዓት የተሰማችሁን ለብቻው ጻፉት፤ እርሱ እውነተኛ ጉዳት ነው።

ሆኖም ክስ ሁሉ ከሕመም የመጣ ነው ብሎ መደምደም አይገባም። ወላጅ አንድን ሰው በስሙ እየጠሩ ደጋግመው የሚከሱ ከሆነ፣ ያ ሰው ሲገባ የሚሸማቀቁ ከሆነ፣ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ቁስልና ሰንበር ከታየ በቀኑ ተመዝግቦ በጥሞና ሊጣራ ይገባዋል። የሚረሱ ሰዎች የሚያምናቸው ስለማያገኙ ለበደል የተመቹ ናቸው።

በሕይወት ሳሉ «ነበሩ» እያልኩ ልጻፍ?

ለተቋረጠ ሥራ ወይም ልማድ «ነበሩ» ማለት ትክክል ነው፤ «አባቴ መምህር ነበሩ» ቢባል ሐቅ ነው። «አባቴ ደግ ነበሩ» ሲባል ግን ሰውዬው ገና ሳይሞቱ ጽሑፉ ይቀብራቸዋል። ደግነታቸው ዛሬም እንዳለ የሚያሳይ ነገር ካለ እርሱን ፈልጉ፤ ምግብ ሲቀርብላቸው «አንተስ በልተሃል?» የሚሉ አባት ስምን ረስተው ደግነትን አልረሱም። ወላጅን በ«አንቱታ» ስትጠሩ የኖራችሁ ከሆነ በጽሑፉም እስከ መጨረሻው በዚያው ጽኑ። እንደ ሕፃን ማቆላመጥም፣ «ዛሬ እንደ ልጅ ሆነዋል» እያሉ መጻፍም ይቅር። ልጅ የሚማረው ገና ያላወቀውን ነው፤ እርሳቸው የሚያጡት ግን ዕድሜ ልክ የሠሩትን ነውና ሁለቱ አይመሳሰሉም።

ንዴቴንና መሰልቸቴን መጻፍ ነውር ነው?

ነውር አይደለም። የቤተሰብ ጥናት ባለሙያዋ ፖሊን ቦስ ሰው በአካል እያለ በአእምሮ መራቁን ከሌላው ሐዘን ለይታ፣ መቋጫው ያልለየለት ማጣት መሆኑን አስረድታለች። ለቅሶ የማይቀመጡለት፣ ማንም «እግዚአብሔር ያጽናህ» የማይልበት ሐዘን ስለሆነ በንዴትና በመሰልቸት መልክ ቢወጣ አያስደንቅም። አንድ ጥያቄ በአንድ ጠዋት ደጋግሞ የተጠየቀ ሰው ቢሰለች ፍቅር አልጎደለውም። ይህን በግልጽ የሚጽፍ አስታማሚ ሌሎችን ከብቸኝነት ያወጣል፤ ፍቅርን ብቻ የሚጽፍ ግን ያንኑ ስሜት የተሸከመውን አንባቢ ያሳፍረዋል።

ለራስ ብቻ የሚጻፈውን በተመለከተ፣ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ፔኔቤከር ከሥራ ባልደረባው ጋር በ1986 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ተሳታፊዎች ለ4 ተከታታይ ቀናት በየቀኑ ለ15 ደቂቃ ስለ ከባድ ገጠመኛቸው እንዲጽፉ ያደረገ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዘዴው በብዙ ጥናቶች ተፈትሿል። ጥቅሙ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ሕክምናን አይተካም። በተለይ ደብተራችሁ ላይ ራስን ወይም ወላጅን የመጉዳት ሐሳብ ከወጣ፣ ወይም ለሳምንታት እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከጠፋ፣ ደብተሩን ዘግታችሁ ሐኪም ወይም የምታምኑትን ሰው አናግሩ። ወላጅንም ለጊዜው የሚይዝላችሁ ሰው በዚያው ቀን ፈልጉ።

እኅቶቼና ወንድሞቼ መጻፌን ባይወዱስ?

እናትየዋ የሁላችሁም ናቸው፤ እያንዳንዱ ልጅ የሚያውቃቸው እናት ግን የተለዩ ናቸው። በቀን የሚያስታምመው አንድ ሁኔታ ያያል፤ ከሩቅ የሚደውለው ደግሞ በስልክ ደህና የሚመስሉ እናትን ይሰማል፤ ሁለቱም አልዋሹም። ጽሑፉን ከመውጣቱ በፊት አሳዩአቸው፤ እነርሱን የሚጠቅሰውን ክፍል እንድትሰርዙ ቢጠይቁ ሰርዙት። የትኛው ልጅ ምን ያህል እንዳገዘ የሚቆጥር ጽሑፍ ለቤተሰብ ስብሰባ እንጂ ለአንባቢ አይሆንም። እኔ በዚህ ላይ ጥብቅ ነኝ።

ስለ ሕመሙ ምን ያህል የሕክምና ማብራሪያ ላስገባ?

ጥቂት ብቻ፤ ግን ትክክለኛውን። የመርሳት ሕመም ወይም ዲሜንሺያ የአንድ በሽታ ስም ሳይሆን ትዝታን፣ አስተሳሰብንና የዕለት ኑሮን የሚያውኩ የብዙ ሕመሞች የጋራ መጠሪያ ነው፤ ከእነዚህም አልዛይመር ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ይይዛል። በዓለም ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዲሜንሺያ ጋር ይኖራሉ። ዕድሜ ሲገፋ የሚበዛ ቢሆንም የእርጅና ተፈጥሯዊ ውጤት አይደለም። ከዚህ ያለፈውን፣ በተለይም የመድኃኒት ስምና መጠን፣ ለሐኪሞች ተዉት፤ ለአባታችሁ የረዳ መድኃኒት ሌላውን አባት ሊጎዳ ይችላል።

ሕመሙ ሳያልቅ ጽሑፉን እንዴት ልጨርስ?

ሕመሙን በሙሉ ለመጻፍ አትነሡ። አንድ ወቅት፣ አንድ ልማድ፣ አንድ ውሳኔ ምረጡ፤ ለምሳሌ እናት ምግብ ማብሰል ያቆሙበትን ወር ወይም ቤተሰቡ የመኪና ቁልፍ ከአባት የተቀበለበትን ውሳኔ ውሰዱ። ጽሑፉ የጀመረው ነገር ሲያበቃ ያበቃል። ከሞት በኋላ የሚጻፍ ከሆነ ሐዘኑ እስኪበርድ መቆየት ይመከራል፤ መጀመሪያ የሚመጣው ጽሑፍ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ብቻ ስለሚያይ ከዚያ በፊት የነበረውን ሕይወት ያጠብበዋል።

የቤቱ ማስታወሻ ዕጣ ፈንታም ቀድሞ ይወሰን። ማን እንደሚያስቀምጠው፣ ማን ሊያነበው እንደሚችል፣ የትኞቹ ገጾች እንደሚቃጠሉ ከቤተሰብ ጋር ተነጋግራችሁ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት። በስልክ ወይም በኮምፒውተር የተያዘ ከሆነም የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ አንድ የምታምኑት ሰው ይኑር።